በነብር ዓመት ለተወለደችው ሴት

ከተራራው ሥር ወደ ባሕሩ ዳር፣ ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ እረፍት የማያውቀው የሕዝብ መታጠቢያ ቤትሽ ቦይለር እንደምን አሉ? ልጅሽ ቴፔይስ፣ ሚስቱስ፣ አዲሱ እንግዳችንስ? እኔ ደህና ነኝ። የዝናቡ ወር ገብቷል፤ ጭጋጉ ጠዋት ከገደሉ ይነሳና እስከ ቀትር ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። እንዲህ ሲሆን ሕልሙንና እውኑን መለየት ያቅተኛል። ትናንት ሻይ ቀዳሁና ዞር ብል ሁለት ስኒ ሞልቼ አገኘሁ። አንደኛው ያንቺ ነው ብዬ ጠጣሁልሽ።

ስለ ደብዳቤሽ አመሰግንሻለሁ። ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የመጣ ነውና ፖስተኛው ሲያቀብለኝ ገና የእጅ ጽሑፍሽን አይቼ እዚያው በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ከእናታችን የአሥራ ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ ቀርቼ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ሳስነግር፣ «ጉልበቱን ያመመው ሰው ባቡር ላይ ይቀመጣል እንጂ አይቆምም» ብለሽ እንደመለስሽብኝ ታስታውሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። እናታችን ስንጣላ፣ ነብርና እባብ በአንድ ቤት መቼም አይስማሙም፣ እያለች ትስቅብን ነበር። ነብሯ አንቺ፣ እባቧ እኔ። ከዓመታቱ አሥራ ሁለት እንስሳት የተወለድንበት ዓመት የሰጠንን ይዘን አረጀን።

የጻፍሽው ግን ሦስት መስመር ብቻ ነበር። አንዲት በነብር ዓመት የተወለደች ሴት አለች፤ እጅሽ የሰፋውን ጥንድ ጡት ቤተ መቅደሱ ላይ ስቀይላት፤ አትጠይቂኝ። እኔም የደስታዬ ብዛት ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

አንቺ በሥራዬ ስታላግጪ የኖርሽ ነሽ። «እህቴ ጡት ሰፊ ናት፤ ለራሷ ሲሆን ግን ጨርቁ አልቆባታል» እያልሽ ደንበኞችሽን ስታስቂብኝ ሰምቻለሁ። ቢሆንም እዚህ ተራራ ሥር ይህ ሥራ ቁም ነገር ነው። ነጭ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ ባዘቶ እሞላለሁ፣ ጫፉን በሮዝ ክር እቋጥራለሁ፣ ጥንዱን ጣውላ ላይ እሰፋለሁ። ወተት የነጠፈባት ወላድም ደረቷን የታመመችም ከኔ ትወስድና ለርኅራኄዋ እናት ለካኖን ትሰቅላለች። ጣውላው ላይ ስም አይጻፍም፤ የተወለዱበት ዓመት እንስሳና ልመናው ብቻ ነው። ስለዚህ የሴቶቹን ስም አላውቅም። ፈረሷ ተሻላት፣ ጥንቸሏ ሁለተኛ ወለደች፣ በጓ ዘንድሮ አልመጣችም፣ እያልኩ ነው የማስባቸው። ነፋስ ሲነፍስ ሁሉም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ ዝናብ ሲመታቸው ይከብዳሉ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ምራትሽ ቺናሚ ናት የመጣችብኝ። የቼሪው አበባ ሲረግፍ ወልዳለች። አሥራ ሁለቱ እንስሳት ሦስት ጊዜ ዞረው እሷንም እንዳንቺው ነብር አድርገዋታል። ወተት እምቢ ብሏት አማቷ ተጨንቃ ነው፣ እሷ እንዳታፍር ብላ ነው አትጠይቂኝ ያለችው፣ ብዬ ደመደምኩ። አሳምሬ ሰፋሁት። «ለነብሯ ሴት ወተት እንደ ምንጭ ይፍሰስላት» ብዬ በቀለም ጻፍኩና ጥሩ ነፋስ ያለበት ቦታ መርጬ ሰቀልኩት። ሁለት እጄን አጋጥሜ ለምኜ፣ እህቴ ታረቀችኝ እያልኩ እያንጎራጎርኩ ቤቴ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ቺናሚ በጨው ዘፍዝፌ ለላክሁላት የፕለም ፍሬ ልታመሰግነኝ ደወለች። ወተቱስ መጣልሽ ወይ፣ አልኳት። «የምን ወተት አክስቴ?» አለች። «ኧረ እኔ ፎጣ አልበቃኝ ብሏል። ከሰሞኑማ ጭራሽ ጎርፍ ሆኗል፤ ልጁ ሲጠባ ያንቀዋል፣ ቴፔይ ደግሞ ዓሣ ልናረባበት ነው እያለ ይቀልድብኛል።» ከሰሞኑ ስትል አፌን ያዝኩ። ጸሎቴ ያለ አድራሻው ሄዶ ምስኪኗን በወተት ሊያሰጥማት ነው ብዬ ሳቅኩ። ስቄ ሳላበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «እማማ ግን ምን እንደሆኑ እንጃ። ከእኛ ጋር መታጠብ ትተዋል። ገንዳው የደንበኛ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩን ቆልፈው ብቻቸውን ነው የሚታጠቡት» አለችኝ።

ለካ ነብሯ አንቺ ነሽ። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆሜ ዝናቡ ትከሻዬን ሲያበሰብሰው ነው የነቃሁት።

እናታችን ስለራሷ ስታወራ «እኔ» ብላ ታውቃለች? «አንዲት ሴት እግሯን ቆርጥሟታል» ስትል አንቺ ቀኙን እኔ ግራውን ይዘን እናሽ ነበር። «አንዲት ሴት ዛሬ ዓሣ አማራት» ስትል አባታችን ኮፍያውን አንሥቶ ዓሣ ሊገዛ ይወጣ ነበር። የሞተች ቀንም «አንዲት ሴት ደክሟታል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያች ሴት ማህፀን ወጥቼ የራሴን እህት ደብዳቤ እንደ ባዕድ አነበብኩት። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አንቺም ብትሆኚ በቀጥታ ብትጽፊ ጣትሽ አይሰበርም ነበር።

አትጠይቂኝ ብለሻልና አልጠይቅሽም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይልቅ እኔም ስለ አንዲት ሴት ላጫውትሽ። በእባብ ዓመት የተወለደች ናት። ከቤቴ ብዙም አትርቅም።

ይህች ሴት እጇ ክፉ ነው። ባዘቶው ውስጥ ጥቂት ቋጠሮ ካለ ጣቷ ወዲያው ያገኘዋል፤ ነቅሳ አውጥታ ትጥላለች። የሩዙ ችግኝ በሚተከልበት ሰሞን ገላዋን ስትታጠብ ጣቷ ያንኑ ቋጠሮ ግራ ጡቷ ላይ አገኘው። ጠንካራ ነው፣ ቦታውን አይለቅም፣ አያምም። ባለማመሙ ተጽናናች፤ ክፉ ነገር ቢሆን ያመኝ ነበር አለች። በየማታው እየዳሰሰች፣ ዛሬ ቀንሷል፣ ዛሬ ለስልሷል፣ እያለች ራሷን ስታታልል ሩዙ ለአጨዳ ደረሰ። በዚያ የሙቀት ወራት ሁሉ ሕልሟ አንድ ነበር፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተሰቀሉት ጡቶች በሙሉ ወተት ያንጠባጥባሉ፣ እናቷ ጃንጥላዋን ገልብጣ ይዛ ከሥራቸው ወተቱን እየቀዳች ትሄዳለች፣ ዞራም አታያት።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት የሄደችው ከሕልሙ ለመገላገል ነው ብልሽ ይሻላል። ዶክተሯ ሺራይሺ ትባላለች፤ ከቴፔይ የምታንስ ልጅ ናት፣ እጇ ግን ሙቅ ነው። መጀመሪያ ጡቷን በሁለት ሳህን መሳይ ነገር መሐል አስገብተው ተጭነው ፎቶ አነሡት። ይቆነጥጣል፤ ትንፋሽ ይዘሽ እስክትለቂ ነው። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው፣ የእርጉዝን ሆድ እንደሚያዩት አድርገው በመሣሪያ አዩት። ከዚያ አደንዝዘው በመርፌ ከቋጠሮው ቅንጣት ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው ክፉ። በዚያ ሰሞን ሴትየዋ ዓሣ ጠብሳ ሳትበላ ታነሣለች፣ የተዘጋ በር ሄዳ ትዘጋለች።

ካንሰር ነው ሲሏት፣ የየትኛው ጥፋቴ ቅጣት ነው፣ ብላ ጠየቀች። ልጅ ስላላጠባሁ ነው? ቂም ስለያዝኩ ነው? ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና፣ «ኧረ እናቴ፣ የማንም እርግማን አይደለም» አለቻት። «ሰውነታችን የተሠራባቸው ቅንጣቶች እያረጁ በሌላ ይተካሉ። አንዷ ታዲያ ማቆም ትረሳና ዝም ብላ ትባዛለች። እዚያው ሰፈሯ ሳለች ካገኘናት እናወጣታለን። የሚያስፈራው ሰፈር ለቅቃ በደምና በዕጢ ወደ ሌላ አካል ስትሄድ ነው።»

ቢላዋ ከነካው ይበተናል ይባላል፣ አለች ሴትየዋ። አንቺም ይህንን እንደምትዪ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ። ልጅቷ ፈገግ አለችና፣ «ቢላዋው ዘግይቶ ሲደርስ ቀድሞ ተበትኖ ይቆያል። ከዚያ ሰዉ ቢላዋውን ያማል» አለቻት።

የእባቧ ሴት ቋጠሮ ብብቷ ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ደርሶ ነበር፤ ጡቷም ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ቋጠሮውን ብቻ አውጥተን ጡቱን ልንተውልዎ እንችል ነበር፣ አለቻት ዶክተሯ፣ ሳትቆጣ። ይህንን ሁለቴ አንብቢው፣ እትዬ።

ከዚያ መድኃኒቱ ቀጠለ። በደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ የሚገባ ነው። ወንበሩ ላይ ተጋድማ መስኮቱን እያየች ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ደመናው ክፍሉ ውስጥ የገባ ይመስላታል። ቤቷ ስትመለስ ቀናቱ ተጣብቀው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይሆኑባታል። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይላል፤ ከቀዝቃዛ ኑድልና ከጨው ፕለም በቀር የሚወርድላት የለም። ጸጉሯ አንድ ቀን ጠዋት ትራሱ ላይ ቀረ።

በዚያው ብርድ ወራት መጨረሻ፣ የፕለሙ አበባ ሲፈነዳ፣ የእናቷ መታሰቢያ ነበር። ጥቁሩን ልብሷን አውጥታ ተኮሰች። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። በራ ጭንቅላት፣ ቅንድብ የሌለው ፊት፣ በአንድ በኩል የተንጠለጠለ ልብስ። ታላቅ እህቷ በር ላይ ቆማ እንግዳ ስትቀበል ታየቻት። እህቷ እናታቸውን አስታማ የቀበረች ናት፤ አሁን ደግሞ እኔን እንዲህ ሆኜ ብታየኝ እዚያው በቆመችበት ትቀራለች ብላ ፈራች። ልብሱን አውልቃ አጥፋ አስቀመጠችና ጉልበቴን አሞኛል ብላ አስነገረች። የእህቷ መልስ ሲደርሳት፣ ያው የባቡሩን ነገር ማለቴ ነው፣ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ እስኪመሽ አለቀሰች።

አሁን ደብዳቤውን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ይሆናል። ውሃ ጠጪና ቀጥዪ፤ መጨረሻው ደግ ነው።

የመጨረሻው ሕክምና ጨረር ነበር። ለሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ እየሄደች፣ ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ሁሉም ትተዋት ይወጣሉ፣ ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። አያምም። ድምፁ የቦይለርሽን ድምፅ ይመስላል። ዓይኗን ስትጨፍን እንፋሎት ይሸፍናታል፣ የእንጨቱ ባልዲ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ትሰማለች፣ የመግቢያ ዋጋ ከምትቀበዪበት ወንበርሽ ላይ ሳንቲም ሲንሿሿ ትሰማለች። ጨርሰናል እናቴ ሲሏት አልነሣም ማለት ያምራታል። ዛሬ በየቀኑ አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ ካንሰሩን የሚመግበውን ሆርሞን የሚያደርቅ ነው፣ ለዓመታት ይወሰዳል። ክኒኑ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ይኸውልሽ፣ የጉልበቷ ውሸት ዞሮ ዞሮ እውነት ሆኖባት አረፈው። ጸጉሯ ተመልሷል፣ ነጭና ጥቅልል ሆኖ። በየጊዜው ያዩዋታል፤ እስካሁን ንጹሕ ናት።

ለቤተ መቅደሱ መነኩሴ ያለ አድራሻው የሄደውን ጸሎት ነግሬው ጣውላውን ላውርደው ብዬ ነበር። ሽማግሌው ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። «ተይው፣ ካኖን መንገድ አይጠፋባትም» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ለእህትሽ ግን ይህን ንገሪያት። ካኖን ሺህ እጅ አላት ይባል የለ? አንዱ እጇ ላይ ቢላዋ አለ፣ አንዱ ላይ መርፌ። እጆቿን ሁሉ እምቢ ብሎ ፊቷን ብቻ መለመን ልመና አይደለም» አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ሊጨምር ሲል፣ እሱን እህቴም ታውቀዋለች ብዬ አስቆምኩት።

እትዬ፣ የምትፈሪውን አውቃለሁ። ሞትን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሞትን ለምዶታል። የምትፈሪው ያንን መግቢያው ላይ ያለውን ከፍ ያለ ወንበርሽን ነው። ዕድሜሽን ሙሉ እዚያ ተቀምጠሽ የመንደሩን ሴት ሁሉ ገላ አይተሻል፣ የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን ጀርባ እንደበለዘ አይተሽ ለማንም አልተነፈስሽም። አንዷ ጡቷ ተነሥቶ ደረቷን በፎጣ ሸፍና ስትገባ ግን ሌሎቹ ገንዳው ጥግ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ ሰምተሻል። እኔም አንድ ቀን ካጠገብሽ ቆሜ ሰምቻለሁ። እንደዚያች ሴት በራስሽ ቤት በፎጣ ተሸፍነሽ ከምትገቢ ቆልፈሽ ብቻሽን መታጠብ መረጥሽ።

እንደ እናታችን ማውራት አሁን ደከመኝ። እኔ እፈራለሁ። አንቺን ማጣት እፈራለሁ። ሁለት ዓመት ያለ አንቺ ኖሬ አየሁት፤ አልወደድኩትም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛው የጡት ቋጠሮ ካንሰር አይደለም ብላኛለች ልጅቷ ዶክተር። ቢሆንም እንኳ ሰፈሩን ሳይለቅ ይገኝ ይሆናል። ግን ይህን በጣታችን ዳብሰን የምናውቀው ነገር አይደለም። ጣቴ ያን ሁሉ ጊዜ ዳብሶ ምን እንዳደረገኝ ጽፌልሻለሁ።

ስለዚህ ረቡዕ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ተቀምጬ ነው የምመጣው። ውሃውን አሙቂልኝ፤ በሩን ግን ገና አትክፈቺ። እንዲያ ከሆንኩ ወዲህ የሰው ገንዳ ገብቼ አላውቅም፣ ቤቴ ብቻዬን ነው የምታጠበው፤ ስለዚህ በዚህ ነገር አንቺን የምመክርበት አፍ የለኝም። ረቡዕ ግን እገባለሁ። ፎጣ አልይዝም። ጠባሳውን በደንብ እዪው፣ ከፈለግሽ ንኪው፤ ከብብቴ እስከ ደረቴ አጥንት የሄደ ቀጭን መሥመር ነው፣ አያስፈራም። ጀርባዬን እሺልኝ፣ እኔም ያንቺን አሻለሁ። ከዚያ እጄን ይዘሽ የት ጋ እንደሆነ ታሳዪኛለሽ። ሐሙስ ጠዋት እዚያው ከተማችሁ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሺ፣ ለማውለቅ ይቀላል። ብትቆጪኝ ባቡሩ ላይ እንዳለሁ ቁጠሪውና እስክደርስ ይብረድልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ረቡዕ የመክፈቻሽ ሰዓት ሲደርስ አንቺ ለብሰሽ ወንበርሽ ላይ ውጪ፣ ቤቱ መከፈቱን የሚያሳውቀውን መጋረጃ በሩ ላይ ስቀዪ፣ ደንበኞችሽን አስገቢ። እኔ ከገንዳው አልወጣም። ሁሉም ገብተው እስኪያዩኝ፣ አይተውም እስኪጠግቡ፣ ተንሾካሽከውም እስኪደክማቸው እዚያው እቀመጣለሁ። አንቺ የምትገቢበት ቀን ሲመጣ የሚያወሩት አልቆባቸው ይጠብቁሻል።

ባሕሩ ይርጋልሽ። ዝናቡ ጣሪያሽን አልፎ ይሂድ። የልጅ ልጅሽ በወተት ይደግ፣ አንቺም የሱን ልጅ አቅፈሽ እዪ። ቴፔይን ሳሚልኝ፤ ቺናሚን ፎጣ ይዤላት እንደምመጣ ንገሪያት።

እስከ ረቡዕ ጠዋት በሰላም ያቆይሽ።

ታናሽ እህትሽ